ግንድ ላይ የሚታሰረው የውሃ ከረጢት፦ ሁለት ዓመት ተጠቅሜበት

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ የተቀመጠው መስኮት ሥር ነው። ቀና ባልኩ ቁጥር የማየው መንገዱን ነው። ከ3 ዓመት በፊት በእግረኛ መንገዳችን ዳር 11 ችግኞች ሲተከሉ ያየሁትም እዚሁ ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ብዙ ሰው መጥቶ ነበር። ተቆፈረ፣ ተተከለ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ሄዱ። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። በዓመቱ ከ11ዱ የቀሩት 4 ብቻ ናቸው።

አንዱን መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ ገጨው። ስድስቱን ግን ማንም አልነካቸውም፤ ደረቁ። አደራረቃቸውን ከመስኮቴ ሆኜ አይቻለሁ። መጀመሪያ የቅጠሉ ጠርዝ ቡናማ ይሆናል፤ ካውያ ያቃጠለው ጨርቅ ነው የሚመስለው። ከዚያ ቅጠሉ ይጠቀለላል። ከዚያ ይረግፋል። በአጠገባቸው በቀን ስንት ሰው ያልፋል። እኔም አልፋለሁ። ክፋት ኖሮብን አይደለም። ሁላችንም "የሚያጠጣቸው ሰው ይኖራል" ብለን ነው።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ስለ አንድ ዕቃ አስተያየት ልሰጥ ፈልጌ ነው። ዕቃው ግንድ ላይ የሚታሰር የውሃ ከረጢት ነው። ሁለት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ። ጥሩ ነው፣ ግዙት እላለሁ። ግን ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ አውቃችሁ ግዙት። የተለያዩ ድርጅቶች ያመርቱታል፤ አሠራሩም ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ የማወራው ስለ ዕቃው እንጂ ስለ አንድ ብራንድ አይደለም።

መጀመሪያ የተረፉትን 4 ዛፎች በባልዲ ነበር የማጠጣው። ጠዋት ስፌት ቤቴን ከመክፈቴ በፊት ለእያንዳንዱ አንድ ባልዲ። የመንገድ ዳር አፈር ግን እንደ ጓሮ አፈር አይደለም። እግር ረግጦታል፣ ጎማ ወጥቶበታል። ተጠቅጥቆ ተጠቅጥቆ ውሃና አየር የሚገባበት ክፍተት አልቀረውም። ባልዲውን ስገለብጠው ውሃው ለአፍታ ኩሬ ይሠራል፤ ከዚያ ጠርዙን አልፎ ወደ አስፋልቱ ይወርዳል። በሦስተኛው ሳምንት፣ ልክ አጠጥቼ እንደጨረስኩ፣ በካቻቢቴ አፈሩን ጫር ጫር አደረግኩት። የላይኛው ሁለት ጣት ያህል ጭቃ ሆኗል። ከዚያ በታች አቧራ ነው። ሦስት ሳምንት ያፈሰስኩት ውሃ ሥሩ ጋ አልደረሰም። ያን ቀን ሥራ አልያዝልሽ አለኝ።

የችግኝ ነገር እንዲህ ነው። ከችግኝ ጣቢያ ሲመጣ ሥሩ በሙሉ ያለው አንድ ጥቅል አፈር ውስጥ ነው። ወደ ጎን ገና አልዘረጋም። ዙሪያው ያለው አፈር እርጥብ ቢሆን እንኳ እሱ የሚጠጣው ከዚያች ጥቅል ነው። ጥቅሏ ደግሞ በሙቀት ወቅት በጥቂት ቀን ውስጥ ድርቅ ትላለች። ሥሩ ወጥቶ፣ ተዘርግቶ፣ ራሱን እስኪችል ከ2 እስከ 3 ዓመት ይፈልጋል። ትልቅ ሆኖ የተተከለ ከሆነ ከዚያም በላይ ይቆያል። መትከል የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ማጠጣቱ ግን የሁለት የሦስት ዓመት ሥራ ነው፤ እሱን የሚሠራ ሰው ነው የጠፋው።

ከረጢቱ የሚሠራው ቀላል ሥራ ነው። እንደ ጉርድ ቀሚስ ግንዱን ይዞርና በጎኑ ባለው ዚፕ ይዘጋል። ከላይ ባለው አፍ ውሃ ይሞላል። እኔ የገዛሁት 75 ሊትር ይይዛል። ታች ላይ በጣም ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉት፤ ውሃው በነሱ ጠብ ጠብ ይላል። አብሮት የመጣው ወረቀት ከ5 እስከ 9 ሰዓት ውስጥ ይጨርሳል ይላል። አፈሩ ቀስ እያለ ስለሚጠጣው ወደ መንገድ የሚፈስ የለም። ለአንድ ዛፍ ሙሉ ቀን ቆሞ በብርጭቆ ከማጠጣት ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ እናንተ እዚያ አለመቆማችሁ ነው።

ዕቃው እጄ ሲገባ መጀመሪያ ያየሁት ስፌቱን ነው። የለመድኩት እሱን ስለሆነ። ጨርቁ በድርና ማግ የተሸመነ ፕላስቲክ ነው፤ ወፈር ያለ፣ ሸራ የሚመስል። ውሃ የሚይዘው ክፍል ጫፍ ላይ ስፌት የለውም፤ በሙቀት ነው የተጣበቀው። ትክክል ነው። መርፌ በገባበት ሁሉ ውሃ ይወጣል። ዚፑ የተሰፋው ደግሞ ከውሃው ክፍል ውጭ ባለው ትርፍ ጠርዝ ላይ ነው። ይህን ያሰበው ሰው ሥራውን ያውቃል። ዚፑ ቢበላሽ ከረጢቱ ሳይበሳ መቀየር ይቻላል ማለት ነው። ማንጠልጠያዎቹ ጥቁር ናይለን ናቸው፤ ጠንካራ ናቸው፤ ሁለት ዓመት ስጎትታቸው አንዱም አልተተረተረም።

ሲሞላ አንድ ዘዴ አለው። ግማሽ ባልዲ የሚያህል ውሃ ሲገባበት በማንጠልጠያዎቹ ይዛችሁ ቀስ አድርጋችሁ ከፍ አድርጉት። ያኔ እጥፉ ይፈታል፣ ከረጢቱ ቅርጹን ይይዛል። ይህን ካላደረጋችሁ ውሃው አንድ ጎን ላይ ይከማችና ከረጢቱ ይጋደማል። በመጀመሪያው ቀን ይሄው ገጥሞኛል።

ለአራቱም ዛፎች አራት ገዛሁ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በውሃ ጎማ ሞላኋቸው። ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ሁለቱ ጨርሰዋል። ሦስተኛው መንገዱ ወደሚያዘቀዝቅበት ቦታ ስላለ በ3 ሰዓት ውስጥ አለቀ። አራተኛው ማታም አልጨረሰም ነበር። በማግስቱ ያንኑ ካቻቢቴ አፈሩ ላይ ተከልኩት። እስከ እጀታው ያለ ችግር ገባ። ሳወጣው ጫፉ ላይ ጥቁር እርጥብ አፈር ይዟል። ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ያንን አፈር በጣቴ አሽቼ፣ አሽትቼ ነው ወደ ቤት የገባሁት።

በሙቀት ወራት በሳምንት ሁለቴ እሞላለሁ። ቀዝቀዝ ሲል በሳምንት አንዴ። ዝናብ በደንብ ከጣለ አልሞላም። አራቱን ለመሙላት በጎማ ከሩብ ሰዓት ብዙም አይበልጥብኝም። ከዚህ ዕቃ የወደድኩት ይህንን ነው። "ዛፍ መንከባከብ እወዳለሁ፣ ጊዜ ግን የለኝም" የሚል ሰው ብዙ አለ፤ ውሸቱን አይደለም። ከሥራ ደክሞት የገባን ሰው "ሄደህ አንድ ሰዓት ቆመህ አጠጣ" ማለት አይቻልም። "ሞልተህ ሂድ" ማለት ግን ይቻላል።

ያልጠበቅኩት ነገር የሰዉ ሁኔታ ነው። ከረጢቱ ደማቅ አረንጓዴ ነው፤ ሲሞላ ያብጣል። ዓመት ሙሉ ዛፎቹን ሳያይ ያለፈ ሰው አሁን ይቆማል። በመጀመሪያው ሳምንት ከማዶ የሚኖሩ አንዲት እናት ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው ሲያዩት ቆዩ። ወጣሁ።

"ልጄ፣ ይሄ ዛፍ ታሟል እንዴ? ምን አሰርሽበት?"

"አይ እማማ፣ አልታመመም። ውሃ እየጠጣ ነው።"

"እሰይ። ማን ነው የሚሞላለት?"

"እኔ ነኝ እማማ።"

"አንቺ ስትታመሚስ?"

መልስ አልነበረኝም። ለነገሩ ያን ሌሊት ሳስበው አደርኩ። ስድስቱ ችግኞችም የደረቁት በዚሁ ምክንያት ነው። ለአንድ ቀን ብዙ ሰው ነበራቸው፤ ለቀረው ጊዜ ማንም አልነበራቸውም። የእኔዎቹ አራቱ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው ያላቸው። እኔ ጉዳይ ገጥሞኝ ሦስት ሳምንት ብቀር መጨረሻቸው አንድ ነው።

በማግስቱ ከቁርጥራጭ ጨርቅ አራት ምልክቶች ሠራሁ። ነጭ ጨርቅ፣ የመዳፍ ስፋት፣ ጠርዙ ተቀምቅሞ። በጥቁር ክር ጻፍኩበት፦ "ይህ ውሃ ለዛፉ ነው። ባዶ ሆኖ ካገኙኝ ይሙሉኝ።" ከዚያ ስፌት ቤቴ ደጃፍ ላይ ያለው ቧንቧ ለዚህ ክፍት እንደሆነ ጨመርኩበት። የሰፋሁት ከረጢቱ ላይ ሳይሆን ማንጠልጠያው ላይ ነው። ከረጢቱን መውጋት አይቻልም ብያችኋለሁ።

መጀመሪያ የሞላው የሕንፃው ጥበቃ ነው። ጋሼ የሚሠራው ሌሊት ነው። "ሌሊት እሞላዋለሁ፤ ፀሐይ ሳይወጣበት ይጠጣ" አለኝ። እኔ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ሌሊት ሲሞላ ከአፈሩ ላይ በፀሐይ የሚተን ውሃ ይቀንሳል፤ ዛፉም ቀኑን የሚጀምረው ጠጥቶ ነው። ቀጥሎ የፎቶ ቤቱ ልጅ መጣ። ከዚያ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ሁለት ልጆች። አንድ ቀን ምልክቱ ላይ፣ እኔ ከጻፍኩት በታች፣ በእስክሪብቶ "አይዞህ" ተብሎ ተጽፎ አገኘሁ። የልጅ እጅ ጽሑፍ ነው። ምልክቱን ለማጠብ አውርጄው ነበር፤ ሳላጥበው መልሼ ሰቀልኩት።

ከዚያ ወዲህ ሌላው ዓለም ይህን ነገር እንዴት እንደሚያደርገው ማንበብ ጀመርኩ። በርሊን ውስጥ በፈረንጆች 2020 "ጊስ ዴን ኪትስ" የሚባል የኢንተርኔት ካርታ ተከፍቷል፤ ሰፈርህን አጠጣ እንደማለት ነው። ሲቲላብ በርሊን የሚባል የቴክኖሎጂ ፈጠራ ማዕከል ነው የሠራው። የከተማው የመንገድ ዛፎች ካርታው ላይ አሉ። ነዋሪው ደጁ ያለውን ዛፍ ከፍቶ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ዕድሜው ስንት እንደሆነ፣ በቅርቡ ምን ያህል ዝናብ እንዳገኘ ያያል። ካጠጣ ደግሞ ይመዘግባል። ቀጥሎ የሚመጣው ሰው የትኛው ዛፍ እንደተጠማ ያውቃል ማለት ነው። የእኔ ጨርቅ የሚሠራውም ይህንኑ ነው፤ የእነሱ ከተማ ያዳርሳል።

አውስትራሊያ ውስጥ ሜልቦርን ደግሞ የከተማው አስተዳደር ለየዛፎቹ ቁጥርና የኢሜይል አድራሻ ሰጥቶ ነበር። ዓላማው የተሰበረ ቅርንጫፍ ያየ ሰው እንዲያመለክት ነው። ሰዉ ግን ለዛፎቹ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ። ሰላምታ፣ ምስጋና፣ ፍቅር። ይህን ሳነብ ያቺ "አይዞህ" ትዝ አለችኝ።

ከሁሉም ልቤን የነካው ግን የዋንጋሪ ማታይ አሠራር ነው። በፈረንጆች 1977 በኬንያ የግሪን ቤልት ንቅናቄን ሲጀምሩ ሴቶች ችግኝ አፍልተው ይተክሉ ነበር፤ ለዚያም ትንሽ ክፍያ ነበራቸው። ክፍያው የሚሰጠው ግን ለተተከለው ሳይሆን ጸድቆ ለተገኘው ችግኝ ነው። በፈረንጆች 2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኙት እኚህ ሴት ነገሩን ከሥሩ ነው የያዙት። የእኛም መንገድ 11 ከመቁጠር በዓመቱ የቆመውን ቢቆጥር ኖሮ ሰባት ባዶ ጉድጓድ ባልቀረን ነበር እላለሁ።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ ልምጣ። አሉት።

ዋናው ግንዱን መሸፈኑ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከረጢቶቹን አራት ወር ሙሉ ሳላወልቅ ተውኳቸው። አንድ ቀን የአንዱን ዚፕ ስከፍት የእርጥብ ምድር ቤት ሽታ መጣ። ቅርፊቱ ጠቁሯል፣ በጣቴ ስነካው ለስለስ ብሏል። ጉንዳን ሰፍሮበታል፤ ሁለት ቀንድ አውጣ ተጣብቀዋል። ደነገጥኩ። የዛፍ ሕይወት ያለው ከቅርፊቱ ሥር ባለችው ስስ ንጣፍ ነው፤ እሷ ዙሪያውን ከተበላሸች ከቅጠል ወደ ሥር የሚወርደው ምግብ ይቋረጣል። ደግነቱ በአንድ በኩል ብቻ ነበር። አወለቅኩት፣ አየር እንዲያገኝ ሁለት ሳምንት ተውኩት፣ ዳነ። ከዚያ ወዲህ ከረጢቱ ባዶ ሲሆን እናወልቀዋለን፤ ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ግንዱ እርቃኑን ይውላል። ዝናብ በሚበዛበት ወቅት ጭራሽ አናስረውም። አብሮት የመጣው ወረቀት ይህን በትልቅ ፊደል መጻፍ ነበረበት። አንድ ኮከብ የቀነስኩበት በዚህ ነው።

ሁለተኛው ቀዳዳዎቹ ናቸው። በጣም ትንሽ ስለሆኑ ቶሎ ይደፈናሉ። አንድ ቅን ሰው ውሃ እንዳይባክን ብሎ ልብስ ያጠበበትን ውሃ ሞላበት። ሳሙናውም አለ፣ ከጨርቅ የወጣው ብናኝም አለ። ከረጢቱ ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ጠብታ አላወጣም። ገልብጬ፣ በንጹህ ውሃ አጥቤ፣ ቀዳዳዎቹን በቀጭን መርፌ ከፈትኳቸው። መርፌው ቀዳዳውን እንዳያሰፋው ተጠንቀቁ፤ ከሰፋ ውሃው በአንድ ሰዓት ይወጣና ከባልዲ አይለይም። ምልክቱ ላይ "ንጹህ ውሃ ብቻ" የሚለውን የጨመርኩት ከዚህ በኋላ ነው። ሰውየውን አልተቆጣሁም፤ አስቦ ነው ያደረገው። አሁን በየሳምንቱ ይሞላል።

ሦስተኛው ዚፑ ነው። የሁለቱ በሁለተኛው ዓመት ተበላሸ። አቧራና ጭቃ ጥርሶቹ መሃል ሲገባ የዚፑ ራስ አልንቀሳቀስ ይላል፤ ሰው በኃይል ሲስበው ይፈታል። ከመዝጋታችሁ በፊት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉት። አንዱ ከረጢት ደግሞ ተሰርቆ በሦስተኛው ቀን እዚያው ቦታ ተመልሶ ተገኘ። ማን እንደወሰደው አልጠየቅንም።

አራተኛው የከረጢቱ ጥፋት አይደለም፤ ግን ማወቅ አለባችሁ። ውሃው የሚወርደው ግንዱ ሥር ብቻ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የሚፈለገው ይኸው ነው፤ ሥሩ ያለው እዚያ ነዋ። በሁለተኛው ዓመት ግን ሥሩ ወደ ጎን ይወጣል። ቀጫጭኖቹ ውሃ ጠጪ ሥሮች ወደ ውጭ ሲሄዱ ከረጢቱ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ከግንዱ ራቅ አድርጎ ዙሪያውን ማጠጣት ያስፈልጋል። ከረጢቱን ዘላለም አስሮ "እየጠጣ ነው" ማለት ዛፉን ማታለል ነው።

ከረጢቱ የማያድነው ዛፍም አለ። ከአራቱ አንዱ፣ ያ ማታም ውሃውን ያልጨረሰው፣ ከሌሎቹ እኩል እየጠጣ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ቅርንጫፉን በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ነው፤ በሕይወት አለ ማለት ነው። ታዲያ ምን ነካው? ከጋሼ ጋር አንድ እሑድ ጠዋት ዙሪያውን በጥንቃቄ ቆፈርን። የጋሼ እጅ ቆመ። "ነይ እዪ" አለኝ። ጥቁር ላስቲክ ነው። የችግኙ ላስቲክ ሳይወልቅ ነው የተተከለው። ሥሩ ላስቲኩ ውስጥ ክብ እየሠራ ተጠቅልሏል፤ ልክ ማጠንጠኛ ላይ እንደተጠቀለለ ክር። ውሃውም ላስቲኩ ውስጥ ተጠራቅሞ ሥሩን እያፈነው ነበር። ሁለታችንም ለአፍታ ዝም አልን። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው እንዲህ ታፍኖ የኖረው።

በመቀሴ ላስቲኩን ከላይ እስከ ታች ቀደድኩት። የጨርቅ መቀሴን ለሌላ ነገር አልሰጥም፤ ያን ቀን ግን ሰጠሁት። የሚዞሩትን ሥሮች ቀጫጭኖቹን ቆረጥን፣ ሌሎቹን ዘረጋናቸው። ጉድጓዱን ከበፊቱ ሦስት እጥፍ አሰፋነው፤ ጥልቀቱን ግን አልጨመርንም። ዛፉ ከበፊቱ ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው። ግንዱ ወደ ሥሩ ሲወርድ ሰፋ የሚልበት ቦታ አለ፤ እሱ ከአፈር በላይ መታየት አለበት። ያ ቦታ ከተቀበረ ቅርፊቱ ይበሰብሳል። ከላይ ደረቅ ቅጠልና የእንጨት ስብርባሪ ጎዘጎዝንበት፤ አራት ጣት ያህል። ጉዝጓዙ ግንዱን እንዲነካ አላደረግንም።

ድጋፉ ላይ የታሰረበትም የኤሌክትሪክ ሽቦ ነበር። ግንዱ ሲወፍር ሽቦው ቅርፊቱን ገብቶበታል። ፈታሁትና በሰፊ የጨርቅ ቁራጭ ተካሁት፤ በዛፉና በድጋፉ መካከል ስምንት ቁጥር አድርጌ፣ ላላ አድርጌ። ዛፍ ነፋስ ሲመጣ ትንሽ መወዛወዝ አለበት፤ ግንዱ የሚጠነክረው እንደዚያ ነው። ድጋፉም በዓመቱ መነሳት ነበረበት። ይኸኛው ግን ሥሩ እንደ አዲስ ስለተተከለ አንድ ዓመት ጨመርንለት።

ስለዚህ ከረጢት ከመግዛታችሁ በፊት በጃችሁ ግንዱ ሥር አፈሩን ጫር አድርጋችሁ እዩ። ላስቲክ ካለ መጀመሪያ እሱ ይውጣ። ሽቦ ካለ ይፈታ። ግንዱ እንደ እንጨት ቀጥ ብሎ አፈር ውስጥ ከገባ በጣም ጠልቆ ተተክሏል ማለት ነው። ይህን ሳታዩ ውሃ ብትሞሉ የእኛን ዛፍ ነው የምትደግሙት።

የተረፉት አራቱም አሁን ቆመዋል። ያ ቢጫ የነበረው ከሁሉ ያነሰ ነው፤ ግን በዚህ ዓመት ከጫፉ አንድ ክንድ ያህል አዲስ ቅርንጫፍ አውጥቷል። ከሰዓት በኋላ የትልቁ ጥላ መስኮቴ ላይ ይደርሳል። መጋረጃ አልዘጋም አሁን።

ማን ይግዛው? ደጁ አዲስ የተተከለ፣ ግንዱ ከአውራ ጣት እስከ ክንድ የሚወፍር ዛፍ ያለው ሰው ይግዛው። ውሃ በጎማ የሚያገኝ ከሆነ የበለጠ ይመቸዋል፤ 75 ሊትር በጀሪካን ማመላለስ ከባድ ነው። ቅርንጫፉ ከታች ለሚጀምር ዛፍ ግን አይሆንም፤ ከረጢቱ ቦታ የለውም። ለአሮጌ ትልቅ ዛፍም አይጠቅምም።

መግዛት ለማይችል ደግሞ መንገድ አለ፤ እኔም ከማዶ ላለ ዛፍ እየተጠቀምኩበት ነው። 20 ሊትር የሚይዝ አሮጌ ጀሪካን ውሰዱ። ታች ጥጉ ላይ በጋለ ሚስማር ሁለት ትናንሽ ቀዳዳ ብሱ። ሞልታችሁ ግንዱ አጠገብ አስቀምጡት። ክዳኑን ላላ አድርጉት፤ ከጠበቀ አየር ስለማይገባ ውሃው አይወርድም። ሲያልቅ ወደ ሌላው ጎን አዙሩት። እንዲያውም ግንዱን ስለማይሸፍን ከቅርፊት መበስበስ በኩል ከከረጢቱ ይሻላል። ጉድለቱ ውሃው ማነሱና በቀላሉ መሰረቁ ነው። በገመድ እሰሩት፤ ግን ዛፉ ላይ ሳይሆን ድጋፉ ላይ።

ለከረጢቱ ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ።

ዚፕ መቀየር ለምትፈልጉ፦ የብረት ጥርስ ያለው አትግዙ፣ ይዝጋል። ጥርሱ ወፈር ያለ የፕላስቲክ ዚፕ ይሻላል። ክሩ ፖሊስተር ይሁን፤ የጥጥ ክር እርጥበት ላይ ይበሰብሳል። ስፌቱን ሁለት ጊዜ መልሱበት፣ ከትርፉ ጠርዝ ወደ ውስጥ ግን አትለፉ። የሁለቱን እኔ ቀይሬያለሁ። አንዱ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ታጥቦ ደርቋል። የትልቁ ዛፍ ነበር፤ እሱ ከዚህ በኋላ አይፈልገውም። እማማ ደጃቸው ላይ አዲስ ችግኝ ስላስተከሉ ቅዳሜ ጠዋት ይወስዱታል። ምልክቱን ልቀይርላቸው ብል እምቢ አሉ፤ "አይዞህ" ያለበት ነው የሚፈልጉት።